ትርፉን አልቆረጥኩም

መኪና ግርግር ላይ፣ ከግንቡ ጥግ ይዤ
ሃያ ሁለት ዓመት በፔዳል ተጉዤ
አንድ ስንዝር አልራቅሁ።
የዚህን ወገብ መስፋት፣ የዚያን ትከሻ መጥበብ
ካንገቴ በማይወርድ ሜትሬ ሳነብ፣
የሂንዲያን ለክቼ አላውቅም፤
በዓይኔ ነበር የምቆርጥላት፤ ዓይኔ ያውቃታል ብዬ።

የዒድ ማግስት ነው፤ እጄን ጎትታ፣ ሳትናገር፣
ከጡቷ ሥር አሳረፈችው፦ የሽምብራ ያህል ጠጠር፣
የማያምም፣
ሲነኩት የሚኮበልል።

ጎረቤት አማከርን፤ ምክር መች ይጠፋል!
አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፣ ሌላው «ብርድ ነው» ይላል።
የእህቷ ልጅ ብቻ «ሆስፒታል» ብትል
ሁሉም ባንድ አፍ ጮኸ፦
«ዕጢ እንደ ንብ ነው፤ ብረት የነካው ዕለት
ይበተናል ወጥቶ በመላው ሰውነት።»

ብረት! እኔ እኮ ነኝ በመቀስ የማድር፣
ሳይቆረጥ ቀሚስ የሆነ ጨርቅ የማላውቅ በምድር።
ግን ፈራሁ።
ዝም አልኩ።

ከኤረር በር ወዲያ፣ ከዘይቱን ዛፍ ግርጌ
አው አብዶሽ አሉልን።
«ስምሽ? የእናትሽስ? በየት ጎንሽ ትተኛለሽ?
ሌሊት ምን ያስፈራሻል? ማንን ታልሚያለሽ?»
ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እጇን አልለቀቀም።
ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት፣ ከስንት ሌሊት በኋላ።
ይህን አልክድም።
ሥር ቀጥቅጦ፣ በማር ለውሶ፣ በሃይላንድ ሞልቶ
«ሰባት ጁምዓ ጠጪ፣ ይሟሟል» አለ፤
ብር እንኳ አልጠየቀን።

ሰባት ጁምዓ አለፈ፤ ሰባት ተቀጠለ፤
ሽምብራው ሎሚ ሆኖ፣ ብርቱካን አከለ።
«እዚህ ጋ ያዘኛል፣ ሰፋ አድርግልኝ» አለች፣ ቀሚሷን ይዛ።
ያኔ ነው ሜትሬን ያወረድኩት።
አንዱ ጎን ካንዱ ጎን በሦስት ጣት ይበልጣል።
አው አብዶሽ በእምነት፣ ጎረቤት በወሬ፤
ያልዋሸኝ ቢኖር ያ ቢጫ ሜትሬ።

ዶክተር ስንዱ ከወረቀቷ ቀና ሳትል
«ለምን ዘገያችሁ?» አለች።
ሦስት ደቂቃ።
የእናቷን ስም ማን ይጠይቅ?
መቶ ሰው ውጭ ቆሟል፤ ማንስ ይፈርድባታል?
«መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የሚል ብጣሽ ሰጠችን፤
ሁለተኛውን መኪናዬን ሸጥኩት።

በየሃያ አንድ ቀኑ ጠብታ።
ጸጉሯ ሻሿ ውስጥ ቀረ።
አንድ ጧት፣ በመሳቢያዬ፣ ከክር ጥቅል ኋላ
ሃይላንዱን አገኘሁት፣ ግማሽ ድረስ ጎድሏል።
«አንድ እጅ አያጨበጭብም» አለችኝ፣ ሳታፍር።

ዓይኗ እንደ ሜትሬ ቢጫ የሆነ ሰሞን
«ሌላ የምትወስዱት ነገር አለ?» ተባልን።
ሂንዲያ መሬት አየች።
«ምንም» ያልኩት
እኔ ነኝ።

ሌሊቱን እግሬ ባዶ ፔዳል ሲረግጥ አደረ።
በማግስቱ ብቻዬን፣ ሃይላንዱን በቁራጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ
ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት።
ትጮሃለች ብዬ ነበር።
ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«ማን ሰጣችሁ?»
«ጥሩ ሰው።»
«ጥሩ ሰው ጉበት አያይም» አለች፤
«ጠብታው እስኪያልቅ ይቆይ፤ ሁለቱን አትችልም።»
ልወጣ በሩን ስይዝ፣
«በየት ጎኗ ነው የምትተኛው?»

ለአው አብዶሽ ነገርኩት። ከዘይቱኑ ሥር
ጣቱ ላይ የደረቀውን ሥር ሲፍቅ፣ ሲፍቅ ቆየ፤
«ማሩን ብቻ አትከልክሏት» አለ።
አልተጣላንም። አልታረቅንምም።

ከዚያ ብረቱ ነካት። ቆረጧት።
ንቡ ተበትኖ እንደሁ ገና አናውቅም፤
ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው፣ ተራ ይጠብቃል።

ትናንት ያንኑ ቀሚስ «አጥብብልኝ» ብላ
ከመኪናዬ ፊት ቆመች፣ ግራው ጎኗ ሜዳ።
ለካሁ። ቁጥሩን ለማንም አልነግርም።
መቀሱን አነሳሁ፤ ከጨርቁ አፍ አደረስኩት።
ትርፉን አልቆረጥኩም። ወደ ውስጥ አጠፍኩት፤
ሥጋዋ ቢመለስ እንዲፈታ ብዬ
በላላ ክር ያዝኩት።